ባዶ የተባሉት ሰባት ሱቆች

በየዓመቱ መስከረም አሥራ አራት ግድም፣ በወላይታ ሶዶ ልብስ ሰፊ ተራ ያሉ ሰባት ሱቆች በአንድ ቀን ይዘጋሉ። ባለቤቶቹ ከስረው አይደለም፣ ለቅሶም አልደረሰባቸውም። መስቀል ደርሶባቸው ነው። አባቶቻቸው ከጉራጌ አገር ጣቃ ጨርቅና ምስማር ተሸክመው መጥተው ከዳሞት ተራራ ግርጌ ሱቅ ከከፈቱ ሰባ ዓመት አልፏል። ልጆቹ ሶዶ ተወለዱ፣ ሶዶ ተማሩ፣ ወላይትኛውንም እንደ ውሃ ጠጡት። መስቀል ሲመጣ ግን የሚቀር የለም። ወጣቱም ሽማግሌውም፣ ከወንድሙ ጋር በመሬት ተካስሶ ዓመቱን ሙሉ የተኳረፈውም ሳይቀር፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ በሆሳዕና በኩል ወደ አባቱ ቤት ይነጉዳል። ተራው ለአሥር ቀን ያህል ጭር ይላል። የሰፈሩ ሰው «ጉራጌዎቹ ሄዱ» ብሎ ያልፋል እንጂ ማንም አይገረምም።

የሚገረመው ያልለመደ ሰው ነው። የአምናው ጣጣም የመጣው ካልለመዱ ሰዎች ነው።

ከሰባቱ ሱቆች ሁለተኛው የኃይለየሱስ ነው። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ መነጽሩን በክር አስሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፣ ከዚያም «መነጽሬን ያያችሁ!» እያለ ሰፈሩን ያምሳል። እርሱ የማርያም ጽዋ የሚጠጣ ኦርቶዶክስ ነው፤ እንጀራው ግን የፕሮቴስታንት መዘምራን ጋውን ነው። ከቦዲቲ፣ ከገሱባ፣ ከዲምቱ ሳይቀር የመዘምራን ቡድኖች በሚኒባስ ተጭነው እየመጡ ይለካሉ። «መንግሥተ ሰማያት ስገባ መላእክቱን በእጅጌያቸው ርዝመት ነው የምለያቸው» ይላል። ሚስቱ ጣፈጠች ደግሞ «አንተ መጀመሪያ ግባ» ትለዋለች።

ከተራው ጥግ ላይ የሽታዬ ሻይ ቤት አለች። ሽታዬ የወላይታ ልጅ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሻይና የተቀቀለ ስኳር ድንች ከዳጣ ጋር እየሸጠች ሁለት ልጆች አስተምራ ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች። በቤተ ክርስቲያኗ የሴቶች ኅብረት የጸሎት መሪ ናት። ሰባቱ ሱቆች በመስቀል ሲዘጉ ሰባቱም ቁልፎች እርሷ ዘንድ ይቀመጣሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቷ ነው። የወላይታው አዲስ ዓመት፣ ጊፋታ፣ በዚያው ሰሞን ስለሚውል ባለሱቆቹ ሲመለሱ የበዓሉ ድርሻቸው ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። እነርሱም ቅቤና ቆጮ ይዘውላት ይመጣሉ። ይህ ውል ሳይጻፍ፣ ሳይፈረም ሃያ ስድስት ዓመት ኖሯል።

በዚህ ሁሉ መካከል ኃይለየሱስን የሚያበሳጨው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከመስቀል ተመልሶ ሱቁን በከፈተ ቁጥር ሰማያዊው ጋውን ላይ ነጭ የድመት ጸጉር ያገኛል። ድመቷ የሽታዬ ናት። በየት ቀዳዳ እንደምትገባ ለማወቅ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ አስመርጎታል። «ይቺን ድመት አንድ ቀን ኮሌታ አደርጋታለሁ» እያለ በብሩሽ ሲያራግፍ ሽታዬ ከደጅ ሆና ትስቃለች። ሳቋን እንደ ንቀት ይቆጥረው ነበር። አይ ሰው!

አምናም እንደ ወትሮው ሄደው፣ እንደ ወትሮው ተመለሱ። ቁልፋቸውን ተቀበሉ፣ ጸጉሩ ተራገፈ፣ ሥራ ተጀመረ። ኅዳር ላይ ግን የሰፈሩ ሰው ለስብሰባ ተጠራ። አሮጌው ሰፈር መልሶ ሊለማ ነው ተባለ። መንገዱ ይሰፋል፣ የጎርፍ ቦይ ይሠራል፣ መብራት ይቆማል። ለዚህ የተቋቋመው ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ካርታውን አዳራሹ ግድግዳ ላይ በትልቁ አበሩት።

ሰዉ ስጋቱን ተናገረ። አንዱ አባቱ የሠሩትን የጽድ በር ማን ይከፍለኛል አለ። አንዷ እናት ምትክ ቦታው ከገበያ የራቀ ከሆነ ደንበኛዬን በምን ልጠራው ነው ስትል ጠየቀች። በረድፉ መጀመሪያ የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ ያለው ጌታነህ ተነሥቶ፣ ይህ ሰፈር የከተማው እምብርት መሆኑን፣ እምብርት ደግሞ እንደማይቆረጥ ረጅም ንግግር አደረገ። ካርታውን የሚያስረዳው ወጣት ባለሙያ ሁሉንም በትዕግሥት ሰማ። ሰፈሩ ሲመዘገብ ሥራ ላይ የነበረ ሁሉ ቤቱ ቢነሣ እንኳ ቀድሞ ምትክ ቦታ እንደሚሰጠው አረጋገጠ። ሰዉ ትንሽ ቀለል አለው።

«እኛስ?» አለ ጌታነህ። «ያቺ ቢጫ የተቀባችው የእኛ ረድፍ አይደለችም እንዴ?»

ወጣቱ ወረቀቱን አገላበጠ። «ረድፍ አራት፣ ሰባት ቤቶች። አገልግሎት የማይሰጡ፣ ባለቤት ያልተገኘላቸው። በእነርሱ ምትክ የመኪና ማቆሚያና አረንጓዴ ስፍራ ይሠራል። ባለቤት ስለሌላቸው ምትክ አልተያዘላቸውም።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ኃይለየሱስ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ መነጽሩን ሲፈልግ አንገቱ ላይ አገኘው።

«ልጄ» አለ፣ «ባለቤት የለውም ካልከኝ ይሁን። ግን ይችን የለበስካትን ሱሪ ባለፈው ወር ያሳጠረልህ ማነው? መንፈስ ቅዱስ ነው?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ወጣቱም ሱሪውን አይቶ አንገቱን ደፋ። ሳቁ ግን ካርታውን አልቀየረውም። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል ተባለና ስብሰባው ተበተነ። ያን ምሽት ኃይለየሱስ እራት አልበላም። አባቱ በዚያች ሱቅ ጀምረው፣ በዚያች ሱቅ ልጆች አሳድገው፣ በዚያች ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነው ያረፉት። ምትክ የሌለው መፍረስ ማለት መርፌና ክሩን ይዞ መንገድ ላይ መውጣት ማለት ነው፤ በስልሳ አንድ ዓመት።

በማግስቱ ከጌታነህ ጋር ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ። ያስተናገደቻቸው ሩት የምትባል ወጣት የመረጃ ሠራተኛ ነበረች። ቅጹን ከፋይሉ አውጥታ አሳየቻቸው። መዝጋቢዎቹ ከሌላ ከተማ የመጡ እንደነበሩ፣ የመጡትም መስከረም ሃያና ሃያ አንድ እንደነበር ነገረቻቸው። ሁለቱን ቀን ሰባቱም በሮች ተዘግተው አግኝተዋል። ስለዚህ ጎረቤት ጠይቀዋል። ከቅጹ ግርጌ እንዲህ ይላል፤ «ቤቶቹ ማንም የሌለባቸው መሆኑን፣ ባለቤቶቻቸውም የማይታወቁ መሆኑን ጎረቤት ወይዘሮ ሽታዬ ጦና አረጋግጠዋል።» ከሥሩ ፊርማዋ አለ። ቀለል ያለች፣ በጥንቃቄ የተጻፈች ፊርማ።

ኃይለየሱስ ፊርማውን ደጋግሞ አየው።

«አላልኩህም?» አለ ጌታነህ ገና ከግቢው ሳይወጡ፤ ምንም ብሎት አያውቅም። «የእርሷ ሻይ ቤት በደንብ ተመዝግባለች፣ ምትክ አላት። የእኛ ቦታ ላይ መናፈሻ ሲሠራ ሻዩን የሚሸጠው ማን ይመስልሃል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ወንድሜ!»

ወሬ እግር የለውም፣ ግን ከባጃጅ ይቀድማል። ከሰዓት በፊት ነገሩ ሰባቱም ሱቅ ገባ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሽታዬ ስለራሷ የሚወራውን ሳትሰማ ቀረች፣ ወይም የሰማች አልመሰለችም። ኃይለየሱስ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻይዋን ተወ። ሃያ ስድስት ዓመት ጠዋት ጠዋት የጠጣውን ሻይ ትቶ ከመንገዱ ማዶ ካለው ቤት መጠጣት ጀመረ። የማዶው ሻይ የሻይ ቅጠል በሩቁ የተሰናበተው ነው፤ ሆድ ሲሞላ እንጂ ሲሞቅ አይታወቅም። ቢሆንም ለቂም ሲል ጠጣው። ሽታዬ በበሩ ስታልፍ «ጋሽ ኃይሌ፣ እንዴት አደርክ?» ስትለው አፉን ክር እንደያዘ ሰው ገጥሞ አንገቱን ይነቀንቃል። ክር ግን አልያዘም ነበር።

በሁለተኛው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ቆመ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነውና ጸሎቱ ወደ ላይ አልሄደለትም። ከዚያ ሲመለስ ጣፈጠች ያዘችው።

«ምን ሆነሃል? ሽታዬን ምን ብላህ ነው የምታኮርፋት?»

ነገራት። ፊርማውን፣ ሻይ ቤቱን፣ ጌታነህ ያለውን፣ ሁሉንም ነገራት። ጣፈጠች የጌታነህን አላመነችም፤ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነው የምትል ሴት ናት።

«ቃሉን ንገረኝ» አለችው። «ምን አለች ነው የሚለው ወረቀቱ?»

«ማንም የለበትም፣ ባለቤቶቹንም አላውቅም አለች ነዋ!»

ጣፈጠች እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ኃይለየሱስ፣ ይህን ማን አስተማራት?»

መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር።

«ጣሪያው የተቀደደ ዓመት» አለች ጣፈጠች፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ሕመምተኛ እያባበለችው። «ሸሚዙን ተኩሶ የመጣው ሰውዬ ባለሱቆቹ መቼ ይመለሳሉ ብሎ ጠየቀ፤ ያቺ ሽንኩርት ሻጭ ምስኪን ከስምንት ቀን በኋላ ብላ ነገረችው። በሦስተኛው ቀን በጣሪያ ገብተው አሥራ ዘጠኝ ጣቃ ጨርቅ አልወሰዱብህም? ስትመለስ ሽታዬ ዘንድ ሄደህ ምን አልካት? እኔ አጠገብህ ቆሜ ነበር።»

አሁን ትዝ አለው። ትዝ ሲለውም ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ጣቱን እያወዛወዘ እንዲህ ብሏት ነበር፤ «ከእንግዲህ ማንም ይጠይቅሽ ማን፣ ማንም የለበትም፣ ባለቤቶቹንም አላውቅም በይ። መታወቂያ ቢያሳይ አትመኚ፣ ደብተር ቢይዝ አትመኚ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» ሽታዬም እሺ ብላ ነበር። እሺ ካለች ደግሞ እሺ ናት። ለአሥራ አንድ መስቀል ማን ያውቃል ስንት ጠያቂ በዚያች ቃል መልሳለች። አምና ግን የመለሰችው ሌባ ሳይሆን መንግሥት ሆነ።

ኃይለየሱስ ያን ቀን አፈረ። እፍረቱ ልክ እንደ ትኩሳት ከእግሩ ጀምሮ ወጣበት። ያቺ ሴት ቃሉን ቃል በቃል ጠበቀችለት፤ እርሱ በዚያው ቃል ከሰሳት።

ሰኞ ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት ወደ ሻይ ቤቷ ሄደ። ዝግ ነው። በሃያ ስድስት ዓመት የሽታዬ በር ከእሑድ በቀር ጠዋት ተዘግቶ አያውቅም። የማዶው ሻይ ሻጭ «ሰነድ የያዘች ትመስላለች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች» አለው። ኃይለየሱስ ባጃጅ ያዘ።

የጽሕፈት ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ሊገባ ሲል ድምፅዋን ሰማና ባለበት ቆመ። ሽታዬ ከሩትና ከኃላፊው ፊት ለፊት የበዓል ነጠላዋን ለብሳ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

«ዋሽቻለሁ» ትል ነበር። «ጻፍ ልጄ። ሽታዬ ጦና ዋሽታለች ብለህ ጻፍ።» ሽታዬ ስትደነግጥ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም።

«እናቴ፣ ረጋ ይበሉ» አለች ሩት። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረች። «ሁለት ቀን እርስዎን ፈልገው መጥተው ስብሰባ ላይ ናቸው ተብለው የተመለሱት እኚህ ናቸው። ዛሬ ሦስተኛቸው ነው።»

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር። «ሐሰተኛ መረጃ መስጠት በሕግ እንደሚያስጠይቅ ያውቃሉ? የእርስዎም ምዝገባ እንደገና ሊታይ ይችላል። ሻይ ቤትዎ መንገዱ ዳር ነው፤ ምትክዎን ሊያጡ ይችላሉ።»

«ይታይ» አለች ሽታዬ። «ሌባ መስለውኝ ነው። ፈርሚ ሲሉኝ ሌባ አያስፈርምም ብዬ ደነገጥኩ፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነ። ለመንግሥት ሰው ዋሸሁ ማለት ፈራሁ። ባለሱቆቹ ሲመጡ እነግራለሁ አልኩ፤ ከዚያ ወሬውም ጠፋ፣ እኔም አፈርኩ፣ ረሳሁት። ጥፋቴ ነው። በቤተ ክርስቲያንም ተናግሬአለሁ።»

«አሁን የሚሉት እውነት ለመሆኑ ግን ምን ማስረጃ አለ?» አለ ኃላፊው።

«ማስረጃ ቤቱ ውስጥ ነው። እኔ ልንገርህ፣ ልጅቷ ትጻፍ፣ ሄዳችሁ እዩ።» ጣቷን ማጠፍ ጀመረች። «አንደኛው የጌታነህ። ቆርቆሮ በግራ፣ ምስማር በመሳቢያ፤ መሳቢያው ሦስተኛው አይዘጋም፣ በጉልበት ነው። ግድግዳ ላይ ሰዓት አለ፣ ሩብ ሰዓት ይቀድማል። ሁለተኛው የጋሽ ኃይሌ። ሦስት የስፌት መኪና አለ፣ የአባቱ መኪና ጥቁሩ ነው፣ አይሰፋበትም፣ ዘይት ብቻ ይቀባዋል። ባለፈው መስቀል የሄደ ጊዜ አርባ ሁለት የቦዲቲ መዘምራን ጋውን ተሰቅሏል፣ ሰማያዊ፣ አንሶላ ለብሷል። አይጥ አለ እዚያ ቤት። ሰው ከሌለ አይጥ ጨርቅ ይበላል። ስለዚህ ማታ ማታ ድመቴን አስገብቼ ቆልፌ አሳድራለሁ፣ ጠዋት አወጣለሁ።»

ሩት ከወረቀቷ ቀና አለች። «ባለቤቱ ያውቃሉ?»

«አያውቅም። አይጥ አለ ብዬ ብነግረው የአይጥ መርዝ ይገዛል፣ መርዙ ጋውኑን ይነካል፣ ጋውኑን የሚለብሱት ልጆች ናቸው። ጸጉር ይሻላል። ጸጉር ይራገፋል።»

ኃይለየሱስ ከበሩ ውጭ ቆሞ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ስንት ዓመት ብሩሽ ይዞ ተራግሟል! አንድም ጋውን በአይጥ ተበልቶበት እንደማያውቅ ያኔ ገባው። አለማወቁን እንኳ አያውቅም ነበር። ውስጥ ሽታዬ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን ቀጠለች፤ የማን ሱቅ ቁም ሣጥን በየት በኩል እንደሚከፈት፣ የማን መደርደሪያ ላይ የእናቱ ፎቶ እንዳለ፣ የማን በር ሲከፈት ወደ ላይ መነሣት እንዳለበት። ሰባቱን ቤቶች እንደ ልጆቿ ስም ጠራቻቸው። ስትጨርስ የሩት ገጽ ሞልቶ ነበር።

ኃይለየሱስ ገባ። «ጌታው» አለ፣ «እርሷ አልዋሸችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ማንም የለበትም በይ ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የሚጠየቅ ካለ እኔ እጠየቃለሁ። ስጡኝ፣ ልፈርም።»

ሽታዬ ዞር ብላ አየችው። ኃላፊው ሁለቱን ተራ በተራ አይቶ ፊቱን በመዳፉ አሸው፤ ፈገግታውን መደበቁ ይሁን ድካሙ አልታወቀም። ወረቀት ሰጠው። ኃይለየሱስ መነጽሩን በመጀመሪያው ሙከራ አገኘና ጥፋቱ የእርሱ መሆኑን በገዛ እጁ ጻፈ።

በማግስቱ ሩት ሜትር ይዛ መጣች። ሰባቱም በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ጠበቃት። ሦስተኛው መሳቢያ በጉልበት ነው የተዘጋው፤ ሰዓቱም ሩብ ሰዓት ይቀድማል። ሩት እየሳቀች ምልክት አደረገች። መጨረሻ ላይ «ረድፍ አራት፣ ሰባት ቤቶች» ብላ ልትጽፍ ስትል ኃይለየሱስ እጁን አነሣ። «ስምንት በዪ፣ ልጄ። የጥጓን ሻይ ቤት ከሌላ ረድፍ የቆጠራት ማነው? የእኛ ናት።»

ታኅሣሥ ላይ ሁለተኛው ስብሰባ ተጠራና ውሳኔው ተነበበ። የልብስ ሰፊ ተራ ስምንት ቤቶች ባለቤት ስለተገኘላቸውና ከከተማው ቀደምት ቤቶች መካከል ስለሆኑ አይፈርሱም፤ ባለቤቶቹ ጣራና በሩን በነበረበት መልክ ያድሳሉ። የሽታዬ በረንዳ ለቦዩ ሲባል አንድ ሜትር ይቆረጣል። መኪና ማቆሚያው ከእህል መጋዘኑ ጀርባ ወዳለው ባዶ ቦታ ሄደ፤ ያኛው እውነተኛ ባዶ ነው፣ ሦስት ጊዜ ተረጋግጧል። ሁሉም ሰው ደስ አለው ማለት አይደለም። ከታችኛው መንገድ አሥራ ሁለት ቤቶች ይነሣሉ፤ ምትክ ቢያገኙም ሰፈራቸውን የሚተካላቸው የለም። እነርሱ ሲያዝኑ ማጨብጨብ ያሳፍር ስለነበር የልብስ ሰፊዎቹ ሰዎች ደስታቸውን በጉሮሯቸው ዋጡት።

ጌታነህ እንደ ልማዱ ተነሥቶ ኮሚቴውን፣ ጽሕፈት ቤቱን፣ አወያዩን፣ የድምፅ ማጉያውን ያከራየውን ሰው ሳይቀር አመሰገነ። ሽታዬን ሳያነሣ ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ ኃይለየሱስ መቀመጥ አልቻለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወደ ሻይዋ ተመልሶ ነበር፤ ሻይዋን ግን በዝምታ ነበር የሚጠጣው። መጠርጠሩን አልነገራትም። ይቅርታ የምትባለው ቃል ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅራ ቆይታለች።

«እኔ የማመሰግነው አንድ ሰው ነው» አለ። «ሽታዬን ነው። ያስተማርኳትን ቃል ጠበቀችልኝ፣ እኔ ግን ሸጠችን ብዬ ጠረጠርኳት። አሥራ ሁለት ቀን ሰላምታዋን ነሣኋት። እርሷ ያን ጊዜ ለእኛ ስትል ስሟን አዋረደች፣ ምትክዋን ልታጣ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ይስማኝ፤ በድያታለሁ። ሽታዬ፣ ይቅር በይኝ። ስላለሽልን እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

ጌታነህ ጫማውን አጥብቆ መመርመር ጀመረ። ሽታዬ ከሴቶቹ መካከል «ኧረ ይቅር! ቁጭ በል፣ ሰው እያየን ነው» አለች፤ ነጠላዋን ግን ወደ ዓይኗ ወሰደችው።

ሲበተኑ አብረው ቁልቁል ወረዱ። ጣፈጠች አውቃ ወደ ኋላ ቀረች። አመሻሽ ነበር፤ ባጃጆች እየተጯጯሁ ያልፋሉ።

«እንደጠረጠርኩሽ አላወቅሽም ነበር፣ አይደል?» አላት።

«አሁን ምን ትጠይቀኛለህ? ያንን የማዶውን ሻይ ወዶ የሚጠጣ ሰው አለ? ያን ቀን ነው ያወቅኩት።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም። «ታዲያ ምነው መጥተሽ አልነገርሽኝ? ጋሽ ኃይሌ፣ አንተ ነህ እንዲህ በይ ያልከኝ ብትዪኝ በቃ ነበር።»

«ታምነኝ ነበር?»

ኃይለየሱስ አሰበ። መዋሸት አልፈለገም፤ ውሸት ያመጣውን አይቷል። «አላምንሽም ነበር» አለ። «ስለ ራሷ ትከራከራለች እል ነበር።»

«እኔም እንደዚያ አልኩ። እኔና አንተ ስንከራከር አሥራ አምስቱ ቀን ያልቃል። ወዳጅነቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ቤቱ ይዳን አልኩ።»

«ቤቱ ድኖ ወዳጅነቱ ባይመለስስ? እንደተኳረፍን ብንቀርስ?»

ሽታዬ ጥያቄው የገረማት ይመስል አየችው። «እንኳን ተኳርፈን ብንቀር፣ አንተ ሱቅህ ውስጥ አለህ አይደል? ጠዋት በሬን ስከፍት የመኪናህን ድምፅ እሰማለሁ። ለእኔ በቂ ነው።»

ኃይለየሱስ መንገዱ መሃል ቆመ። በአማርኛ የሚላት ነገር አዳራሹ ውስጥ አልቆበታል። አፉን የፈታበት ሌላው ቋንቋ፣ የእርሷ ቋንቋ፣ ቀረው። «ጋላታይስ» አላት፤ አመሰግንሻለሁ ማለቱ ነው።

«ኧረ ተራመድ» አለችው ሽታዬ ክንዱን ይዛ እየጎተተች፣ «ባጃጅ ይገጭሃል።»